ማጉያ ፍርድ አያውቅም

ማምሻውን በከተማችን ጎዳና የሚመላለስ ሰው ሁሉ የሚያውቀው አንድ ነገር አለ። መኪናው ገና ሳይታይ ድምፁ ቀድሞ ይደርሳል። የሱቅ መስታወት ይንቀጠቀጣል፤ በእናቱ ጀርባ የተኛው ሕፃን ይባንናል፤ ሁለት ሰዎች የጀመሩትን ወግ አቋርጠው መኪናው እስኪያልፍ ይጠብቃሉ። ዘፋኙ ማን እንደ ሆነ ግን የሚለይ የለም። የሚሰማው ጉርምርምታ ብቻ ነው፤ መኪናው ሲያልፍም የሰሌዳው ቆርቆሮ ከዘፈኑ እኩል ሲንጫጫ ይሰማል።

እኔም እንደ ማንኛውም መንገደኛ እንዲህ ያለውን ባለመኪና ስወቅስ ኖሬአለሁ። ከጥቂት ወራት ወዲህ ግን ወቀሳዬን ቀነስ አድርጌአለሁ። ምክንያቱም በኤሌክትሪክ ምሕንድስና ዲግሪዬን ተቀብዬ ከወጣሁ ሁለት ዓመት ሳይሞላኝ፣ በአንዲት አሮጌ የስፖርት መኪና ላይ ያንኑ ስሕተት እኔው ራሴ ስለ ፈጸምሁ ነው። ልዩነቱ ጎረምሳው የተሳሳተው በጎዳና ላይ ሲሆን፣ እኔ የተሳሳትሁት በወረቀት ላይ፣ በቀመርና በቁጥር መሆኑ ብቻ ነው።

በመኪና ውስጥ ሙዚቃ ማስገባት ለእሑድ ገጽ የማይመጥን ቀላል ነገር ነው የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። ነገሩ በእርግጥ ቀላል ነው። ይሁን እንጂ የተማረ ሰው ስንፍና ይበልጥ የሚገለጠው ቀላል ነው ብሎ በናቀው ሥራ ላይ ነው። ስለዚህ ታሪኩን ከመጀመሪያው ልናገር።

መኪናይቱ ያለችው እዚህ አይደለም፤ በአሜሪካ፣ በሜሪላንድ ግዛት ነው። ባለቤቷ የአክስቴ ልጅ ሲሆን በዕድሜ እጅግ ስለሚበልጠኝ ጋሼ እያልሁ እጠራዋለሁ። አገሩን ለቆ ከሄደ ሠላሳ ዓመት አልፎታል። ቀንና ሌሊት ሲሠራ ኖሮ፣ ልጆቹ ራሳቸውን ሲችሉለት፣ በወጣትነቱ በሰው እጅ እያያት ይመኛት የነበረችውን መኪና ገዛ። ይህችም እ.ኤ.አ. የ1990 ሞዴል ማዝዳ ኤም ኤክስ 5፣ አሜሪካኖች ሚያታ የሚሏት ናት።

ይህች መኪና ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ፣ የሸራ ጣሪያዋ ወደ ኋላ የሚታጠፍ፣ የፊት መብራቶቿ ሲበሩ እንደ ዐይን ሽፋን ቀና የሚሉ፣ ክብደቷ ከአንድ ሺሕ ኪሎ በታች፣ ሞተሯም 1.6 ሊትር ብቻ የሆነ ትንሽ መኪና ናት። ለሕዝብ የታየችው እ.ኤ.አ. በየካቲት 1989 በቺካጎ የመኪና ትርኢት ላይ ነበር። ጉልበቷ ብዙ አይደለም። ሠሪዎቿ ጃፓኖች መሪ ሐሳብ አድርገው የያዙት «ጂንባ ኢታይ» የሚለውን የአገራቸውን አባባል ነው፤ ትርጓሜውም ፈረስና ፈረሰኛ እንደ አንድ አካል ሲሆኑ ማለት ነው። ዐፄ ቴዎድሮስን አባ ታጠቅ፣ ዐፄ ምኒልክን አባ ዳኘው እያለ ጌታውን በፈረሱ ስም ይጠራ ለነበረ ሕዝብ ይህ አሳብ እንግዳ አይሆንም። የፈረሰኛው ጌትነት የሚታየው ከፈረሱ ጋር በመስማማቱ እንጂ ፈረሱን በመጮኹ አይደለም። ሠሪዎቿ በዚህ አሳብ ስለ ጸኑ ነው እ.ኤ.አ. በ2016 የዚህች መኪና አንድ ሚሊዮንኛዋ ከፋብሪካ የወጣችው። የጭስ ማውጫዋ ድምፅ እንኳ እንዴት ቢሆን ለነጂው ጆሮ ደስ ይላል ተብሎ በጥንቃቄ የተስተካከለ ነው። እንግዲህ በዚህች መኪና ውስጥ ሌላ ድምፅ ማስገባት፣ አስቀድሞ በታሰበበት ቤት ውስጥ አዲስ እንግዳ እንደ ማስገባት ያለ ነው።

ጋሼ ይህን ሁሉ የፈለገው ለአንድ ካሴት ሲል ነው። ስልክ እንደ ዛሬ በየኪሱ ባልነበረበት ዘመን፣ ውጭ አገር የሚኖሩ ልጆችና አገር ቤት ያሉ ወላጆች ድምፃቸውን በካሴት እየቀዱ በመንገደኛ እጅ ይላላኩ እንደ ነበር ታላላቆቻችን ያስታውሳሉ። አክስቴም ለልጇ እንዲህ ያለ ካሴት ቀድታ ልካለች። እርሷ ያረፈችው እኔ ሕፃን ሳለሁ ስለ ሆነ ድምፅዋን አላውቀውም። ጋሼ ካሴቱን ሲጠብቀው ኖሮአል፤ ለደኅንነቱም ሲል ወደ ኮምፒዩተር አስቀድቶታል። ነገር ግን መኪናዋን ሲገዛ ከፋብሪካ የተገጠመላት የካሴት ማጫወቻ ገና እንዳለ ባየ ጊዜ፣ የእናቱን ድምፅ በዚያው በካሴቱ፣ ጣሪያውን ከፍቶ እየነዳ መስማት ፈለገ።

እንዲህ ያለ ፍላጎት አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1930 በአሜሪካ ጋልቪን የተባሉ ወንድማማቾች ሞቶሮላ ብለው የሰየሙትን የመኪና ሬዲዮ ለገበያ አቀረቡ። በ1956 ክራይስለር ኩባንያ በመኪና ውስጥ ሸክላ የሚያጫውት መሣሪያ አስገብቶ ነበር፤ ነገር ግን ብዙ ሳይቆይ ቀረ። በ1960ዎቹ ዓመታት ካርትሪጅና ካሴት፣ በ1980ዎቹ ደግሞ ሲዲ መጡ። በዚህ ሁሉ ዘመን ያልተለወጠ አንድ ችግር አለ፤ ይኸውም መኪናው ራሱ ጯኺ መሆኑ ነው። የመጀመሪያዎቹን የመኪና ሬዲዮ ሠራተኞች ይበልጥ ያደከማቸው ጣቢያውን መያዙ ሳይሆን፣ ካንዴላው ብልጭ ባለ ቁጥር በስፒከሩ የሚገባውን ቱርርታ ማስወገዱ ነበር። እኔ ይህን ታሪክ አስቀድሜ አንብቤ ቢሆን ኖሮ ብዙ ገንዘብና ብዙ እፍረት ይቀርልኝ ነበር።

ጋሼ ካሴቱን ባስገባ ጊዜ ድምፁ ከንፋሱና ከጎማው ጩኸት በታች ሆነበት። ሠላሳ ዓመት ያለፋቸው የበሩ ስፒከሮች ወረቀታቸው ተቀዳዷል። ስልክ ደወለልኝና «መሐንዲሱ፣ ምን ላድርግ?» አለኝ። እኔም ወረቀትና እርሳስ ይዤ ሒሳቡን ሠራሁ። አራት ስፒከር ለእያንዳንዱ 50 ዋት ቢደርሰው 200 ዋት ነው። አምፕሊፋየሩ ከሚወስደው ኃይል ግማሹን በሙቀት ቢያባክን ከመኪናዋ 400 ዋት ይስባል። ሞተሩ ሲሠራ ቮልቴጁ 14 ያህል ነውና 400 ለ14 ሲካፈል 29 አምፔር ግድም ይወጣል። ዲናሞዋ የሚያመነጨው 60 አምፔር ያህል ስለ ሆነ ይበቃል። ለጋሼም «ይበቃል» ብዬ ነገርሁት። ሒሳቡ ስሕተት የለበትም። ዛሬም መምህሬ ቢያዩት ሙሉ ማርክ ይሰጡኛል ብዬ አምናለሁ።

ጋሼ አምፕሊፋየሩን ገዝቶ ከኋላ ዕቃ መጫኛው ውስጥ ገጠመው። በዚህች መኪና ባትሪው ያለው ከፊት ሳይሆን በዚያው በኋላ ስለ ሆነ፣ ሽቦው አጭር ይሆናል ብለን ተደስተን ነበር። ሞተሩን ባስነሣ ጊዜ ግን ከአክስቴ ድምፅ ጋር ሌላ ድምፅ መጣ። ስልኩን ወደ ስፒከሩ አስጠግቶ አሰማኝ። ነዳጅ ሲሰጥ እንደ ትንኝ እየቀጠነ የሚወጣ፣ ሲለቅ የሚወርድ ፉጨት ነው። የእርሷ ድምፅ ከፉጨቱ ጀርባ፣ በግርግዳ ወዲያ እንዳለ ሰው፣ ቃሉ ሳይለይ ይሰማል።

በዚህ ጊዜ የሰጠሁትን ምክር ስጽፍ አፍራለሁ። «አምፕሊፋየሩ አነስ ብሎ ነው፤ ለእያንዳንዱ ስፒከር 100 ዋት የሚሰጥ ግዛ» አልሁት። በዚያው ሒሳብ መሠረት እንዲህ ያለው ዕቃ በሙሉ ኃይሉ ሲሠራ 57 አምፔር ይስባል፤ ማለት ዲናሞዋ የምታመነጨውን በሙሉ ለማለት ይቻላል። ይህም አላስደነገጠኝም። ጋሼ አመነኝ፤ ገንዘቡ የእርሱ፣ ምክሩ የእኔ ሆነና ትልቁ ተገጠመ። ውጤቱም የአክስቴ ድምፅ ከፍ አለ፤ ፉጨቱም በዚያው ልክ ከፍ አለ። ጋሼ አልተቆጣኝም። «እማዬ ትጮኻለች፣ መኪናዋም ትጮኻለች፤ እኔ በመካከል ቀረሁ» ብሎ ሳቀ። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ከሰፈራችን አቅራቢያ የመኪና ኤሌክትሪክ የሚሠሩ አንድ አዛውንት አሉ። ትምህርታቸው ከስምንተኛ ክፍል አላለፈም፤ ሥራውን ግን አርባ ዓመት ሠርተውታል። በየቀኑ በደጃቸው ሳልፍ እጅ ነሥቼ አልፋለሁ እንጂ ምክር ልጠይቃቸው አስቤ አላውቅም ነበር። ያን ዕለት ግን ገባሁና ጉዳዩን አስረዳኋቸው። እርሳቸውም ከያዙት የፍሬቻ ሽቦ ላይ ዐይናቸውን ሳያነሡ፣

«ጩኸቱ ከሞተሩ ጋር ከፍ ዝቅ ይላል?» አሉኝ።

«አዎን ጋሼ።»

«ሞተሩ ጠፍቶ በባትሪ ብቻ ሲሠራስ?»

«አልጠየቅሁም።»

«የመመለሻው ሽቦ ከመኪናው አካል ጋር የታሰረበትን ቦታ ቀለሙን ፍቆታል?»

«እርሱንም አልጠየቅሁም።»

በዚህ ጊዜ ሽቦውን አስቀመጡና አዩኝ። «እንግዲያው ልጄ፣ በሽተኛውን ሳታይ ነው መድኃኒት ያዘዝከው። ማጉያ እኮ ፍርድ አያውቅም። የሰጠኸውን ሁሉ ያጎላልሃል፤ ዘፈን ብትሰጠው ዘፈን፣ እንከን ብትሰጠው እንከን።»

ጉዳዩን ለማያውቅ አንባቢ ላብራራ። በመኪና ውስጥ ኤሌክትሪክ ከባትሪው ፖዘቲቭ በሽቦ ይወጣል፤ ወደ ነጌቲቩ የሚመለሰው ግን በመኪናው ብረት በኩል ነው። ይህን መመለሻ እኛ በትምህርት ቤት ግራውንድ ወይም መሬት እንለዋለን። ጋሼ የአምፕሊፋየሩን መመለሻ ያሰረው ቀለም በተቀባ ብሎን ላይ ነበር። ቀለም ኤሌክትሪክ አያሳልፍም፤ ጥቂት የሚያሳልፈው የብሎኑ ጥርስ ብቻ ነው። እንዲህ ያለው ልል እስር የአንድ ኦም ሃያኛ እጅ፣ ማለት 0.05 ኦም እንቅፋት ቢኖረው፣ 20 አምፔር ሲያልፍበት 20 ጊዜ 0.05፣ አንድ ሙሉ ቮልት በዚያች ብሎን ላይ ይቀራል። ከካሴት ማጫወቻው በቀጭን ሽቦ የሚመጣው የአንዲት እናት ለስላሳ ድምፅ ደግሞ ከአንድ ቮልት እጅግ ያነሰ ነው።

ዲናሞ የሚያመነጨው ኤሌክትሪክ ተለዋዋጭ ነው። ወደ ቀጥተኛ ከተለወጠ በኋላም ጥቂት ሞገድ ይቀርበታል፤ ሞተሩ በፈጠነ ቁጥር ይህ ሞገድ ይፈጥናል፤ ፉጨቱም ይቀጥናል። የካሴት ማጫወቻው መሬት ከፊት፣ የአምፕሊፋየሩ መሬት ከኋላ ስለ ነበረ፣ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት በቀጭኑ የድምፅ ሽቦ በኩል መንገድ አገኘ። ከዚያም ከአክስቴ ድምፅ ጋር ተደባልቆ ወደ አምፕሊፋየሩ ገባ። ከገባ በኋላ ማን የእናት ድምፅ፣ ማን የዲናሞ ፉጨት እንደ ሆነ አምፕሊፋየሩ በምን ያውቃል? ሁለቱንም እኩል ያበዛቸዋል። ኃይሉን በእጥፍ ማድረግ የሁለቱን ዝምድና አይለውጠውም። ይህን ዝምድና በትምህርት ቤት «የምልክትና የረብሻ ንጽጽር» ብዬ ተምሬው በፈተናም መልሼዋለሁ። ከብሎኑ ጋር ግን አላገናኘሁትም ነበር።

ጋሼ አዛውንቱ ባዘዙት መሠረት ሥራውን እንደ ገና ጀመረ። የብሎኑን ዙርያ ብረቱ እስኪያበራ ፋቀው፤ አጭርና ወፍራም የመመለሻ ሽቦ አሰረበት፤ ዝገት እንዳይገባበትም ቅባት ቀባው። የካሴት ማጫወቻውን መመለሻ ከአምፕሊፋየሩ ጋር ወደ አንድ ቦታ አመጣው። የኃይሉን ሽቦ በቀኝ፣ የድምፁን ሽቦ በግራ በኩል አሳለፈ፤ ሁለቱ ጎን ለጎን ሲሄዱ አንዱ ከሌላው ይዋሳልና። ከባትሪው አጠገብ ፊውዝ አስገባ፤ ሽቦው ተልጦ ብረት ቢነካ መኪናዋን ከእሳት የሚያድናት እርሱ ብቻ ነው። ቀጥሎም ትልቁን አምፕሊፋየር አውጥቶ ትንሹን መልሶ ገጠመ። ሞተሩን አስነሣ። ፉጨቱ የለም።

የቀረው የንፋሱ ነገር ነበር። በዚህም ቢሆን መኪናይቱ ራሷ መልሱን ይዛ ትጠብቀን እንደ ነበር ያወቅነው ዘግይተን ነው። በጊዜው ከተሠሩት አንዳንዶቹ ከፋብሪካ ሲወጡ በወንበሩ ራስ ማስደገፊያ ውስጥ ከጆሮ አጠገብ ትንንሽ ስፒከሮች ነበሯቸው። ምክንያቱ ግልጽ ነው። በገላጣ ስፍራ ድምፅ ከምንጩ እየራቀ ሲሄድ ይደክማል፤ ከአንድ ሜትር ወደ ግማሽ ሜትር ቢቀርብ ግን 6 ዴሲቤል ይጨምራል። ይህን ያህል በኃይል ለመጨመር ዋቱን አራት እጥፍ ማድረግ ያስፈልጋል። ኃይሉን በእጥፍ ማሳደግ የሚጨምረው 3 ዴሲቤል ብቻ ነው፤ ድምፁ ለጆሮአችን በእጥፍ የጨመረ እንዲመስለን ኃይሉ አሥር እጥፍ ያህል መሆን አለበት። ጃፓኖቹ መሐንዲሶች ስለዚህ ከመጮኽ ይልቅ መቅረብን መረጡ። ጋሼም ለወንበሩ ትንንሾቹን ስፒከሮች ፈልጎ አስገባ።

የበሮቹም ነገር እንዲሁ ነው። የመኪና በር ውስጡ ባዶ፣ በብዙ ቀዳዳ የተበሳ ቆርቆሮ ነው። ስፒከር ወደ ፊት ሲገፋ ከኋላው ደግሞ ተቃራኒውን ይስባል፤ የፊቱና የኋላው አየር በቀዳዳው ከተገናኙ ወፍራሙ ድምፅ እርስ በርሱ ይጣፋል። ሰው ግን ወፍራም ድምፅ ሲያጣ ቀዳዳውን ከመድፈን ይልቅ ትልቅ ስፒከር ይገዛል። ጋሼ ቀዳዳዎቹን በሚጣበቅ ንጣፍ ደፈናቸው፤ የሚንቀጠቀጠውን ቆርቆሮ አከበደው፤ አዳዲሶቹን የበር ስፒከሮችም በነበረው ቦታ፣ በነበሩት ብሎኖች አሰራቸው። አንድም ቆርቆሮ አልቆረጠም። ነገ መኪናዋን የሚረከብ ሰው ሁሉን ነቅሎ እንደ ጥንቷ ሊያደርጋት ይችላል። በአሮጌ ነገር ላይ የሚጨምር ሰው ሊጠብቀው የሚገባው ሕግ ይህ ይመስለኛል፤ ከእርሱ በፊት የነበረውን የማያጠፋ፣ ከእርሱ በኋላ የሚመጣውንም የማያግድ ይሁን።

ምናልባት አንዳንድ አንባቢ «ይህ ሁሉ የጥጋብ ነገር ነው፤ በአገራችን ስንት ችግር እያለ ስለ ስፖርት መኪና ዘፈን ምን ያስጽፋል?» ይል ይሆናል። ለዚህ መልስ አለኝ። ቀለም ያልተፋቀበት እስር በስፖርት መኪና ሲሆን ፉጨት ያመጣል፤ በጤና ጣቢያ ማቀዝቀዣ ሲሆን ክትባት ያበላሻል፤ በአምቡላንስ ሲሆን ሌሊት ሞተር አያስነሣም። ዕውቀቱ አንድ ነው። መንግሥታችን በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ካገደ ወዲህ ደግሞ፣ በእጃችን ያሉትን አሮጌዎች በጥንቃቄ መያዝ የሁላችን ጉዳይ ሆኖአል። በአዲስ አበባ ጎዳና ዛሬም የምናያቸው እነዚያ አሮጌ ቮልስዋገኖች እስከ ዛሬ የኖሩት፣ ስማቸው በጋዜጣ በማይወጣ እንደ እኚህ አዛውንት ባሉ ሰዎች እጅ ነው።

ሌላው ደግሞ «አዲስ ሬዲዮ ገዝቶ ስልኩን ቢያገናኝ አይቀልም ነበር?» ሊል ይችላል። ይቀላል። ነገር ግን በዚያ ባልተፋቀ ብሎን ላይ የዓለም ውድ ሬዲዮ ቢታሰርበት ያው ይፎጫል። አዲስ ነገር አሮጌውን ስሕተት አያርምም፤ ይወርሰዋል እንጂ።

ወደ ዋናው ነገሬ እመለሳለሁ። እኛ በቅርቡ ከትምህርት ቤት የወጣን፣ በየመሥሪያ ቤቱም ሥራ የጀመርን ወጣቶች፣ ችግር ባየን ቁጥር ቶሎ ወደ አፋችን የሚመጣው «ይጨመር» የሚለው ቃል ነው። በጀት ይጨመር፣ ሠራተኛ ይጨመር፣ መሣሪያ ይጨመር። መዝገቡ የተምታታበት መሥሪያ ቤት ኮምፒዩተር ሲገባለት መምታታቱ ይፈጥናል እንጂ አይጠራም። ባለጉዳይ የሚጉላላበት ክፍል አንድ ጠረጴዛ ሲጨመርለት ባለጉዳዩ የሚጉላላበት አንድ ተጨማሪ ጠረጴዛ ያገኛል። መጨመር አያስፈልግም ማለቴ አይደለም። ጋሼም አምፕሊፋየር አስፈልጎታል፤ ያለ እርሱ የእናቱ ድምፅ ከንፋሱ በላይ አይሰማም ነበር። የምለው ከመጨመር በፊት ጎንበስ ብሎ እስሩን ማየት ይቅደም ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ያሉት አባቶቻችን ስለ መቀነት ብቻ አልተናገሩም።

ዲግሪ ራሱ ማጉያ ነው። ትጉሁን ይበልጥ ጠቃሚ ያደርገዋል፤ ችኩሉን ደግሞ ችኮላው በብዙ ሰው ላይ እንዲደርስ ያደርገዋል። እኔ ዲግሪ ባልነበረኝ ጊዜ ተሳስቼ ቢሆን ኖሮ የሚሰማኝ አልነበረም፤ ጋሼም ያን ትልቅ አምፕሊፋየር ባልገዛ ነበር። ስሕተቴን ያጎላው ማዕረጌ ነው። ስለዚህ የተማረ ሰው ካልተማረው ይልቅ መጠየቅ የሚገባው ትሕትና ስለሚያምርበት ብቻ ሳይሆን፣ የሚታመን በመሆኑ ነው።

ለጎዳናው ጎረምሳም አንድ ቃል አለኝ። ወቀሳ አይደለም፤ የአንድ ስሕተት ተካፋዮች ነንና። ወንድሜ፣ ሌላ ስፒከር ከመግዛትህ በፊት የሰሌዳህን ብሎን አጥብቀው፤ የበርህን ቀዳዳ ድፈነው፤ የመመለሻ ሽቦህን ፍቀህ እሰረው። ያን ጊዜ በግማሹ ድምፅ ዘፋኙ የሚለውን ቃል ትሰማለህ። ጆሮህንም አስብ። የአሜሪካ የሥራ ደኅንነትና ጤና ብሔራዊ ኢንስቲቲዩት ለሠራተኞች ያወጣው መጠን በ85 ዴሲቤል በቀን 8 ሰዓት ሲሆን፣ 3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል። 100 ዴሲቤል ላይ የሚፈቀደው 15 ደቂቃ ብቻ ነው። አምፕሊፋየር ቢቃጠል በገንዘብ ይተካል፤ የደነቆረ ጆሮ ግን አይተካም።

ባለፈው እሑድ ጋሼ ደወለልኝ። በሜሪላንድ ማለዳ ነበር፤ ጣሪያውን ከፍቶ ከዛፍ ሥር ቆሞአል፤ ሞተሩ እየሠራ ነው። «ዝም ብለህ ስማ» አለኝ። አክስቴ ስለ ጎረቤት ትናገራለች። ብርድ እንዳይመታው ወፍራም ሹራብ እንዲለብስ ትነግረዋለች። ጾሙን እንዳይረሳ ታስጠነቅቀዋለች። እንደ ማንኛዋም እናት ናት። ድምፅዋን በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ቃል በቃል ሰማሁት። ከዚያ ከንግግሯ ጀርባ ዱብ፣ ዱብ የሚል ነገር ሰማሁና፣

«ጋሼ፣ ደግሞ ሌላ ረብሻ አለ እንዴ?» አልሁት።

«አይደለም» አለኝ። «እኔም እስከ ዛሬ አልሰማሁትም ነበር። ቡና እየተወቀጠ ነው።»